የሰዓት ሠሪው ኩሬ

ሬሳውን ያገኘው ሰው መጀመሪያ ያገኘው ውሃ ነበር። በማለዳ ሊያልብ በረቱን ሲከፍት ላሞቹ እግራቸውን ጭቃ ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል፤ የማለቢያው ባልዲ ደግሞ ጌታውን ሊቀበል የወጣ ይመስል እየተንሳፈፈ ወደ በሩ መጣ።

ሰውየው ላም አርቢ ነው። አገሬው ቱግ ባዩ ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምትጠራው እናቱ ነበረች፤ እሷም ካለፈች ቆይታለች። ውሃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቱግ ባዩ ማሰብ አላስፈለገውም። ከአጥሩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪው ያስቆፈረው ኩሬ አለ። አካፋውን አንስቶ፣ ስድቡን በመንገድ ላይ እየደረደረ ወጣ። ሲደርስ ኩሬው ባዶ ነው። ውሃውን ይዞ የኖረው የአፈር ክትር በግራ ጫፉ ተንዷል። ከናዳው ሥር አንድ ቦት ጫማ ተረከዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ይታያል። ጫማው ውስጥ እግር ነበረ።

ያ ሁሉ ስድብ አፉ ውስጥ ቀረ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሟቹ ወጥቶ ሳር ላይ ተጋድሟል። ኩሬውን የቆፈረው ሰው ነው፤ ፍልፈል ይሉታል። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ኤክስካቫተሩ ላይ ካልወጣ በቀር ከሰው በላይ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነበር።

«የገደለው ናዳው ነው» አለች ቀድማ የደረሰችው ሳጅን። «ሐኪሙ ጎህ ሲቀድ ገደማ ነው ይላል። ከክትሩ በታች ቆሞ ሳለ አፈሩ ወረደበት።»

«እንግዲያው አደጋ ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነበር። ይምጡና ይዩ።»

ክትሩ ላይ ወጡ። ከናዳው ጎን ሳይፈርስ የቀረ ጥግ አለ። እዚያ ላይ ክትሩን ከኩሬው ወደ ውጭ የሚያቋርጥ የቦይ ግማሽ ይታያል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ የተስተካከለ ነው።

«ውሃ ሲሸረሽር እንዲህ አይጠነቀቅም» አለች ሳጅኗ። «ሰው ቀደደው። ውሃው ሲያልፍበት አፈሩ ራሰ፤ የራሰው አፈር ሟቹ ላይ ወረደ።»

«ራሱ ሟቹ ቀድዶት ቢሆንስ?»

«እሱ እየደፈነ ነበር። በውጭ በኩል የቦዩ አፍ ላይ አዲስ ሸክላ አፈር ተጠቅጥቋል። አካፋውም እጁ ላይ ነው የተገኘው።»

ኢንስፔክተሩ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ የሌላ ሰው ቀዳዳ ሲደፍን የሞተ ግን አላየም። ዞር ሲል፣ ከባዶው ኩሬ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አየ። ንጹሕ ኮት ለብሷል። ማንም ሳይጠይቀው ለሁሉም ሻይ አፍልቷል።

«ባለቤቱ ናቸው» አለች ሳጅኗ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዓት ሠሪው። ጆሯቸው ብዙም አይሰማ፤ ምንም አልሰማሁም ይላሉ። ኩሬውን አፈርሳለሁ እያለ ሲዝት የኖረ ሰው ግን አለ።»

«ማን?»

ሳጅኗ በአገጯ ወደ ቱግ ባዩ ጠቆመች። ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። አካፋውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎታል።

---

«ኩሬውን አፈርሰዋለሁ ብለሃል» አለው ኢንስፔክተሩ፣ ጣቢያው ውስጥ፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ማዶ።

«ብያለሁ።»

«የት ነው ያልከው?»

«ያላልኩበት የት አለ? ወፍጮ ቤት ብያለሁ። አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ብያለሁ። ለላሞቼም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሽማግሌውን ‹ነብር አየኝ በል› ብለኸዋል።»

«ይኸው ስንት ጊዜዬ! አንድም ቀን ነብር መጥቶ አያውቅም። ኢንስፔክተር፣ እኔ የምናገር ሰው ነኝ። የሚያደርግ ሰው ወፍጮ ቤት ገብቶ ይለፈልፋል እንዴ?»

«ለምንድነው የጠላኸው?»

«ምንጩ የሚወርደው በሱ በኩል ነው። እሱ ሲያቁረው እኔ ጠብታ እለቅማለሁ። ማሽኑም አለ። ያ ፍልፈል ያንን ማሽን ሲያስጮኸው ላሞቼ ወተት ይደብቃሉ። ላም ስትቀየም አይተህ ታውቃለህ?»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ማን አየህ?»

ቱግ ባዩ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ያየኛል? ብቻውን የሚኖር ሰው አልጋው ላይ ማደሩን በምን ያስመስክር?»

 ኢንስፔክተሩም የሚኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ማታ ማታ የሚያወራለት በግድግዳ በኩል የሚሰማው የአከራዩ ሬዲዮ ነው፤ እሱንም አከራዩ ሲፈልግ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ‹ትናንት ማታ የት ነበርክ?› የሚለው ቢመጣ፣ ምስክሩ ዜና አንባቢው ብቻ ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ዛቻው ከቱግ ባዩ ቀድሞ ጣቢያ ደርሶ ነበር። የጣቢያው አዛዥ የጭቃውን ሱሪና የዛቻውን ምስክሮች አይቶ «ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ። ቱግ ባዩን ወደ ማረፊያ ክፍል ሲወስዱት በሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ላሞቼንስ ማን ያልባል?»

 ምርመራ ክፍሉ ለዚህ የተመደበ ሰው የለውም።

---

የሰዓት ሠሪው ቤት ውስጥ አንድም ሰዓት አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ግድግዳውንም፣ መደርደሪያውንም፣ የሽማግሌውንም ክንድ አየ።

«ሰዓት የለዎትም አባት?»

«ስንት ሰዓት እንደሆነ ባውቅ ማን ሊመጣልኝ?» አለ ሽማግሌው፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ። «ተቀመጥ ልጄ። እዚህኛው ላይ። እሱኛው ወንበር ይነቃነቃል።»

የማይነቃነቀው ወንበር መቀመጫው በሰው ልክ ጎድጉዷል፤ ክንዱ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ኢንስፔክተሩ የፍልፈል ቦታ ላይ መቀመጡ ገባው።

«ኩሬውን ለምን አስቆፈሩ?»

«የሷ ሐሳብ ነው፣ የባለቤቴ። ሱቁን ዘግተን እዚህ የገባን ቀን፣ ‹ከመስኮት የማየው ውሃ እፈልጋለሁ› አለችኝ። በገመድ ለካነው፣ በካስማ ከለልነው። ከዚያ እሷ ታመመች።» ሻዩን ቀዳ። «ካስማዎቹ ብዙ ጊዜ እንደቆሙ ቀሩ። ሳር ዋጣቸው። በኋላ ፍልፈልን አገኘሁት። መጀመሪያ መሞከሪያ ጉድጓድ ቆፈረና ውሃ ሞላበት። በነጋታው ስናየው ውሃው ንቅንቅ አላለም። ‹አባባ፣ ይሄ አፈር አፉን የሚይዝ አፈር ነው› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለሙን አፈር ለብቻ፣ ሸክላውን ለብቻ አወጣ። ሸክላውን ለክትሩ እየጠቀጠቀ፣ ከላይ ሳር ከነአፈሩ አለበሰው። ምሳ አብረን ነበር የምንበላው። ከዚያ አለቀ።» ሽማግሌው ስኳር ጨመረ፤ ቀድሞ የጨመረውን ረስቶታል። «ሲያልቅ ደግሞ ማፍሰስ ጀመረ። ፍልፈል ይደፍናል፣ ክትሩ ያፈሳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።»

«በየት በኩል ነበር የሚያፈሰው?»

«በግራ ጫፉ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። በዚያ በኩል ለጥገና ይቀላል፤ ማሽኑም ይደርሳል።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ነቀነቀ። ሻዩ ጣፋጭ፣ ወንበሩም ምቹ ነበር፤ የተባለውን ነገር ሰማው እንጂ አልያዘውም።

«ቱግ ባዩ ነው ይላሉ?»

«እሱ ቱግ ይላል እንጂ...» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ሳይጨርስም ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ኢንስፔክተሩ ፍርሃት መሰለው።

ሊሄድ ሲነሳ ሽማግሌው እስከ በሩ ተከተለው። «ሌላ ጥያቄ አይቀርህም? ነገ ብትመጣ አለሁ።»

---

በነጋታው የሰዓት ሠሪው ልጅ ከከተማ መጣች። የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ችኩል፣ እንቅልፍ የራቃት። ባለፈው እሑድ ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ አላፊ አግዳሚው ሰምቷታል። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ያዛት።

«‹ይሄ ኩሬ ባይኖር ደስ ይለኛል› ብለሻል።»

«አሁንም ደስ ይለኛል። ኩሬው ባይኖር ከኔ ጋር ይገባ ነበር። ‹ና አብረን እንኑር› ባልኩት ቁጥር፣ ‹ክትሩ አፍስሷል፣ ፍልፈል ሊመጣ ነው› ይለኛል። አባቴ ከኔና ከቀዳዳ ቀዳዳ መረጠ።»

«የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ...»

«ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት መንታ ስትወልድ እጄን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እስካሁን ይታያል።» እጇን ዘረጋችለት። ታየ። «ባሌንም እንዳትጠይቅ። እሱ ጎህ ሲቀድ ማየት ቀርቶ ጎህ እንደሚቀድም አያውቅም።»

ሆስፒታሉ ቃሏን አረጋገጠ። የባልየውን እንቅልፋምነት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ መሰከረ።

---

የፍልፈል ግቢ በብረታ ብረት ተሞልቷል፤ ኤክስካቫተሩ ግን የለም። ሚስቱ የምታስተዛዝናትን ሴት አስፈቅዳ ወጣች።

«ማሽኑ የት ነው እህቴ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በጭነት መኪና ሄዷል ወንድሜ። ሩቅ አገር፣ ትልቅ ግድብ ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ሊከተለው ነበር፤ ዓመት ላይመለስ።»

«ታዲያ ኩሬው ዘንድ ምን ወሰደው?»

«‹አባባን ደህና ይሁኑ ሳልል አልሄድም› አለኝ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ገና ሳይነጋ በብስክሌት ወጣ። አካፋውን ከኋላ ሲያስር ‹ለስንብት አካፋ ምን ያደርጋል?› አልኩት። ሳቀና ‹አንቺ እሳቸውን አታውቂያቸውም› አለኝ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እኔ እንጃ። ክትሩ አፈሰሰ ብለው በጠሩት ቁጥር፣ ‹ሽማግሌው የሚፈስባቸው ውሃ አይደለም፣ ሰው ነው› ይል ነበር። እኔ ቀልዱ መስሎኝ ነበር።» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ሁሌም ይቀልዳል።»

---

«ያለፈውን አንድ ጊዜ ልድገምልሽ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ መኪና ውስጥ። «ክትሩ ሁልጊዜ የሚያፈሰው በግራ ነው። ለምን? ‹ለጥገና ይቀላል፣ ማሽኑ ይደርሳል።› ሽማግሌው ነው እንዲህ ያለኝ።»

ሳጅኗ መሪውን ይዛ ጥቂት አሰበች። «ደግ ጠላት ነው ያለባቸው።»

«ጠላት ሊያጠፋህ ሲመጣ ጠጋኙ እንዳይቸገር ብሎ ቦታ ይመርጣል?»

ኩሬው ዘንድ ሲደርሱ ሳጅኗ ወደ አጥሩ አየችና ቆመች። ከታች፣ በቱግ ባዩ በረት፣ ሰዓት ሠሪው በሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሞ ለላሞቹ ያፈሳል። ኮቱን አላወለቀም።

«ጠላቱ ታስሮለት ላሞቹን የሚያጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ዕዳ ያለበት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች ሳጅኗ።

የቱግ ባዩን አካፋ ይዘው መጥተው ስለነበር ከቦዩ ጋር አስተያዩት። ፍግ የሚዛቅበት ሰፊ አካፋ ነው፤ እንኳን ያን ቦይ ሊቆፍር፣ አይገባበትም። ቦዩን የቆፈረ ሰው የሠራው በጠባብ መሣሪያ፣ በትዕግሥት፣ ጥግ ጥጉን እያስተካከለ ነው።

«ከላዩ የነበረው ሳርስ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ክትሩ ሳር ለብሶ ነበር። ቦዩን የቆፈረ ሰው ሳሩን የት ጣለው?»

ዙሪያውን ፈለጉ። ናዳው ውስጥ የለም። ዳገቱ ሥር የለም። ያገኘችው ሳጅኗ ናት፤ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጆንያ ተሸፍኖ። ጆንያውን ገለጠችው። ሳሩ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ በጡብ በጡብ ተቆርጦ፣ ቅጠሉን ወደ ላይ አድርጎ ተደርድሯል። ለምለም ነው።

ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ ጆንያውን ዳሰሰ። እርጥብ ነው። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የደረቀው ጭቃም ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

«ዛሬ ነው የጠጣው» አለ።

«ክትር የሚያፈርስ ሰው ሳሩን መልሶ ሊተክል ያስቀምጣል?» አለች ሳጅኗ፤ ከዚያ መልሱ ፊቷ ላይ መጣ። እጇን ከጆንያው ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ሁለቱም ወደ በረቱ አላዩም።

---

ሰዓት ሠሪው ሱሪውን ጭቃ ነክቶት፣ ሻይ አፍልቶ ጠበቃቸው። ሦስት ብርጭቆ አውጥቷል።

«አባት» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «ሳሩን የሚያጠጣው ማን ነው?»

ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠ። እንዳልሰማ ሊሆን ይችል ነበር፤ ጆሮው ምክንያት ይሆነው ነበር። አልተጠቀመበትም።

«ሳር ምን አጠፋ?» አለ በመጨረሻ። «ከነቀሉት ማጠጣት ነው።»

ሳጅኗ በሚነቃነቀው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሱቅ ሳለኝ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ «በደንብ የጠገንከው ሰዓት ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል። አመስግኖህ ይወጣል፣ አበቃ፣ አታየውም። የሚመላለስብህ በደንብ ያልሠራህለት ሰው ነው። ያኔ ግድ አልነበረኝም፤ ማታ የምገባላት ነበረችኝ። ኩሬው ያለቀ ዕለት ፍልፈል ዕቃውን ጭኖ ‹እንግዲህ አባባ፣ ደህና ይሁኑ› አለኝ። ሄደ። እዚያ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን አየሁት። እሷ ብትኖር ታየው ነበር። ውሃ ደግሞ ቢያዩት ቢያዩት አያወራም። ሲሰለቸኝ የመትከያ አካፋዋን ይዤ ወጣሁ፤ የአበባዋን፣ ጠባቧን። ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ እሱን የምታመጣ።»

«አውቆ ነበር?»

«‹አይጥ ነው የሚቆፍረው› እለው ነበር። አንድ ጊዜ ሲደፍን ሳቀ። ‹አባባ፣ ይሄ የርስዎ አይጥ ንጹሕ ነው፤ ሳሩን አንስቶ፣ ደርድሮ ነው የሚበላው› አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። ይመጣል፣ ይደፍናል፣ ምሳ እንበላለን።»

«የመጨረሻው ጊዜስ?»

«‹ዓመት እቆያለሁ› አለኝ። ዓመት!» ሽማግሌው ማንኪያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ማሽኑን ካላስመለሰ የማይደፈን ቀዳዳ ነው የፈለግሁት። ሊሰናበተኝ ረፋዱ ላይ ሲመጣ ያየዋል፣ ‹ይሄማ ተጥሎ አይኬድም› ይላል ብዬ። ሌላ ጊዜ በማሽኑ ሲመጣ እሰማለሁ፤ እወጣለሁ። እሱ በብስክሌት መጣ። ሳይቀሰቅሰኝ ሊደፍንልኝ። ሰዓት ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ ልጄ። አፈር ውስጥ ገብቶ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ አላወቅሁም።»

ሻዩን ማንም አልነካውም።

«ለምን የዚያኑ ዕለት አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ብድግ አለ። «ሰው እስር ቤት ነው ያለው አባት!»

«አውቃለሁ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ላሞቹን እያጠጣሁ ነው። ማለብ ግን አቃተኝ። ቀይዋ ረገጠችኝ።» ሱሪውን ከፍ አድርጎ የበለዘ ቅልጥሙን አሳያቸው። ቅጣቱን ቀድሞ መክፈል የጀመረ ሰው ይመስል ነበር፤ ግን ያነሰ መሆኑን እሱም ያውቃል። ኮቱን ቆለፈና ብርጭቆዎቹን አጥቦ፣ ደፍቶ፣ አብሯቸው ወጣ።

---

ቱግ ባዩን ሲያስወጡት ቀበቶውን በአንድ እጁ፣ የጫማውን ማሰሪያ በሌላው ይዞ ነበር። ነገሩን ተረኛው ፖሊስ ነግሮታል። ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ሰዓት ሠሪው ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሳጅኗ ቀድማ መሃላቸው ገባች። ኢንስፔክተሩም ከጠረጴዛው ተነሳ።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ ቱግ ባዩ፤ ኮሪደሩ አስተጋባ። አፉን ለስድብ ከፈተ። ሁሉም ጠበቀ። የከፈተውን አፍ ግን የሚሞላው ነገር አልመጣለትም። ሽማግሌው ቀና ብሎ አያየውም፤ የጭቃ ሱሪውን ጉልበት በጥፍሩ ይፍቃል።

«ቀይዋ ናት የረገጠችዎት?» አለ ቱግ ባዩ።

«ቀይዋ ናት።»

«እሷ ሰው አትወድም።» ቀበቶውን ሊያስር ጀመረና ተወው። «ሰው ነው የፈለጉት፣ አይደል? ቤቴ ከአጥርዎ ሥር ነው። ጠጠር ቢወረውሩ ጣሪያዬ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ተጣልተን ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ይጥሩኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ ቱግ ባዩ። «ለጠብም ቢሆን እመጣ ነበር።»